አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው የቱርቦ መኪና ማስተንፈሻ ያስፈልገዋልን?
(በወረታና በጉና መካከል ያለውን ዳገት ምሳሌ በማድረግ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አቅጣጫውን ሳይለውጥ ወደ ሰሜን የቀጠለ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ይገባል። ወደ ቀኝ የታጠፈ ግን በደርግ ዘመነ መንግሥት በቻይና ርዳታ የተሠራውን የወልድያ መንገድ ይይዝና ወዲያው ዳገት ይጀምራል። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። ከወረታ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ገደማ ጉዞ ሞተሩ ጭነቱን ይዞ 900 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ይወጣል ማለት ነው። መንገዱ ከዚያ ወዲያ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ ተደግፎ ወደ ጋይንት ይዘልቅና ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል። የዚች ከተማ ስም ለዛሬው ርእስ ሆን ተብሎ የወጣ ይመስላል፤ የምንመረምረው ነገር ከሞተር ላይ ነፋስ የሚወጣበት ትንሽ በር ነውና።

ይህ ዳገት ክብደት ሲፈታተን የኖረ ዳገት ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሰባት ቶን ያህል ክብደቱን ይዞ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጓዘው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር። ዛሬ ያንን የሚያህል ክብደት ያለው የፎገራ ሩዝ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ በሹፌሩ የቀኝ እግር ትእዛዝ ሽቅብ ይወጣል። ሞተሩ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን የሚተነፍሰው አየር እስካልጎደለበት ድረስ ነው።

በየጋራዡ የሚሰማው ክርክርም የሚነሣው ከዚህ ነው። አንድ ወጣት ባለመኪና ላንድክሩዘሩን አቁሞ በዕድሜ ጠና ያሉ መካኒክን ያነጋግራል እንበል።

«ጋሼ፣ ይኼን ማስተንፈሻ ይግጠሙልኝ። ያለ እሱ ቱርቦው ይሰበራል አሉኝ።»

«ማን አለህ ልጄ?»

«ሰዎች ናቸው። እንዲያውም ካምቢዮው አውቶማቲክ ስለሆነ የበለጠ ያስፈልገዋል ይላሉ።»

«ትናንት የመጣው ደግሞ አውቶማቲክ ከሆነ ጭራሽ አያስፈልገውም ብሎኝ ሄደ። ለመሆኑ ያንተ ናፍጣ ነው ቤንዚን?»

መካኒኩ በመጨረሻ የጠየቁት ጥያቄ የጉዳዩ ፍሬ ነገር ነው። ወጣቱም ትናንት የመጣው ሰውም የተመለከቱት ካምቢዮውን ነበር። ማስተንፈሻ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን በመሠረቱ የሚወስነው ግን ካምቢዮው ሳይሆን፣ በሞተሩ የአየር መግቢያ ላይ የሚዘጋ በር መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ቱርቦ ምን እንደሚሠራ ማስታወስ ይጠቅማል። ከሲሊንደሮች የሚወጣው ትኩስ ጭስ ሙቀትና ግፊት ስላለው ዝም ብሎ በማርሚታ ቢወጣ ያ ሁሉ ኃይል ይባክናል። የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ይህን የሚባክን ኃይል መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ነው። ጭሱ አንድ መዘውር ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው ሁለተኛው መዘውር ደግሞ ከውጭ አየር ስቦ ያምቅና ወደ ሞተሩ ይልካል። የመጀመሪያውን የጭስ መዘውር፣ ሁለተኛውን የአየር መዘውር እንበላቸው። በቤት መኪና ቱርቦ ላይ ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ አነስተኛ በሆኑት ላይ እስከ 200,000 ይደርሳል። ዘንጉን የሚሸከመው ብረት ሳይሆን በግፊት የሚመጣ ስስ የዘይት ሽፋን ነው።

ይህ መሣሪያ ለደጋ አገር ያለው ጥቅም ገና ከጅምሩ የታወቀ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና አስጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወሰደው፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ ያለ ቱርቦ ሲሠራ ኃይሉ እጅግ ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን በቆላ የሚሰጠውን ኃይል ተራራው ጫፍ ላይ ሰጠ። የፓይክስ ፒክ ከፍታ ከጉና ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ሙከራው ለእኛ አገር የተደረገ ያህል ሊቆጠር ይችላል። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ ወረታ ላይ ወደ 81፣ ደብረ ታቦር ላይ ወደ 73፣ ነፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ወደ 70 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ነፋስ መውጫ ላይ የሚያገኘው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ከሚያገኘው ሰባ ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። የቤንዚን ሞተር ኃይሉን የሚቆጣጠረው በአየር ነው። ሹፌሩ የነዳጅ ፔዳሉን ሲረግጥ በመሠረቱ የሚከፍተው በአየር መግቢያው ላይ ያለውን ክብ በር ነው፤ ቤንዚኑ አየሩን ተከትሎ በመጠን ይገባል። እግሩን ሲያነሣ በሩ ይዘጋል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ሳይገድብ እንዳገኘ ይወስዳል፤ ኃይሉ የሚለካው ፖምፓው በሚረጨው የናፍጣ መጠን ነው። ሹፌሩ እግሩን ሲያነሣ ናፍጣው ይቀንሳል ወይም ይቋረጣል እንጂ የአየሩ መንገድ አይዘጋም። በአዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የአየር በር የሚመስል ነገር መኖሩ እውነት ነው። ዋና ሥራው ግን ከፊሉን ጭስ መልሶ ለማስገባት መርዳትና ሞተሩ ሲጠፋ ሳይንቀጠቀጥ እንዲቆም ማድረግ ስለሆነ የሞተሩን ኃይል የሚወስን በር አይደለም።

በቤንዚን ሞተር ላይ ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ አየር እያመቀ ሳለ በሩ በድንገት ቢዘጋ ምን ይሆናል? መዘውሩ ወዲያው መቆም አይችልም። አየሩን መግፋቱን ይቀጥላል፤ ከፊቱ ያለው ቱቦ ግን ተዘግቷል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይልና የታመቀው አየር በመዘውሩ ክንፎች መካከል ወደ ኋላ ይመለሳል። ግፊቱ ሲቀንስ መዘውሩ እንደገና ይገፋዋል፤ እንደገና ይመለሳል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ የሚሆን መንቀጥቀጥ ነው። መካኒኮች ሰርጅ የሚሉትን ይህን ነገር በአማርኛ የአየር ስቅታ ብንለው ጠባዩን በደንብ ይገልጸዋል። ስቅታው በመጣ ቁጥር ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፈተራል፤ ይህን ግፊት የሚሸከመው የጎን ኩሽኔታም ቀስ በቀስ ይበላል። መዘውሩ ፍጥነቱን ስለሚያጣም ሹፌሩ መልሶ ሲረግጥ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ይለግማል።

ማስተንፈሻው የተፈጠረው ለዚህ ነው። በቱርቦውና በአየር በሩ መካከል ባለው ቱቦ ላይ ይቀመጣል። ስስ የጎማ ሽፋንና ሞላ አለው፤ በሽፋኑ አንድ ወገን ከበሩ ኋላ ካለው የሞተሩ አየር ማከፋፈያ የመጣ ቀጭን ቱቦ ይገባል። በሩ ሲዘጋ ፒስተኖቹ በማከፋፈያው ውስጥ የቀረውን አየር ስለሚመጥጡት በዚያ ወገን የአየር ጉድለት፣ ማለትም ቫኪዩም፣ ይፈጠራል። ቫኪዩሙ ሽፋኑን ይስባል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ታስሮ የነበረው አየርም መውጫ ያገኛል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው፤ በዚያች ከሴኮንድ በማትበልጥ ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ይተኛል። ብዙ ሰዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት ዌስትጌት የተባለው ሌላ በር አለ። እሱ የሚያሳልፈው አየር ሳይሆን ጭስ ነው፤ ቱርቦው ከሚገባው በላይ እንዳይሽከረከር ከጭሱ ከፊሉን መዘውሩን ሳያስነካ ወደ ማርሚታ ይሰዳል። ዌስትጌት በናፍጣውም በቤንዚኑም ይገኛል።

ከዚህ የተነሣ የናፍጣ መኪናን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ ማስተንፈሻ አያስፈልገውም። አየሩን የሚዘጋበት በር ስለሌለ የታመቀው አየር ምንጊዜም ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት መንገድ አለው። የካምቢዮው ዓይነት ይህን አይለውጠውም። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው 300 ኤስዲ ቱርቦ የተገጠመለት የናፍጣ ቤት መኪና ሲሆን ካምቢዮው አውቶማቲክ ነበር፤ ማስተንፈሻ አልነበረውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በር ላይ የሚታወቀው፣ ሕዝቡ «ቪ8» ብሎ የሚጠራው ናፍጣ ላንድክሩዘርም ሁለት ቱርቦ እያለው ማስተንፈሻ የለውም። በወረታ መገንጠያ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጡት ባለ ቱርቦ ተሽከርካሪዎች የሚበዙት፣ ኢሱዙውም ሲኖትራኩም ቅጥቅጡም፣ ናፍጣ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ድምፁ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከባድ መኪና ዳገት ጨርሶ ሲቆም «ጺስ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ብዙ ወጣቶች ይህን የቱርቦ ትንፋሽ ነው ብለው ያምናሉ። ድምፁ የፍሬን ነው። ከባዶቹ የጭነት መኪኖች ፍሬናቸው በታመቀ አየር ስለሚሠራ ሹፌሩ ፍሬኑን ሲለቅ ወይም የአየር ማድረቂያው ውኃውን ሲተፋ አየር ይወጣል። ይህን ድምፅ በቤት መኪና ለማግኘት ሲሉ አንዳንዶች በኤሌክትሪክ የሚከፈት ማስተንፈሻ ገዝተው በናፍጣ ሞተር ላይ ያስገጥማሉ። ሹፌሩ እግሩን ባነሣ ቁጥር ቫልቩ ይከፈትና ድምፅ ያሰማል፤ ሞተሩ ሊጠቀምበት ይችል የነበረውን አየር ይደፋል። መልሶ ሲረገጥ ቱርቦው ባዶ ቱቦ እንደገና መሙላት አለበት። ይህ ትንሹ ጉዳት ነው። ቫልቩ በአቧራ ወይም በሞላው መድከም ምክንያት ሳይገጥም የቀረ እንደሆነ፣ ዳገቱ ሲጀመር የታመቀው አየር በዚያ በኩል ያፈስሳል። ናፍጣው እንደ ወትሮው ይረጫል፣ አየሩ ግን አይበቃውም፤ ጥቁር ጭስ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ የጭሱ ሙቀት ከፍ ይላል። ሹፌሩ ደግሞ ደከመብኝ ብሎ አጥብቆ ይረግጣል።

የቤንዚኑ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነገሩን የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ሹፌሩ ማርሽ በለወጠ ቁጥር ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ እግሩን ከነዳጁ ያነሣል፣ የአየር በሩም ይዘጋል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ባለው ጠመዝማዛ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚሆን መንገዱን የሚያውቅ ይገምተዋል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ሹፌሩ እግሩን አያነሣም። ማርሹ የሚቀየረው በካምቢዮው ውስጥ ባሉ በዘይት ግፊት በሚያዙ ሰሌዳዎች ሲሆን፣ የሞተሩ ኮምፒዩተር ለቅጽበት የካንዴላውን ብልጭታ በማዘግየት ጉልበቱን ዝቅ ያደርጋል። በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ወይም በጥቂቱ ብቻ ይጠባል። ስለዚህ አውቶማቲክ አያስፈልገውም የሚለው ሰው ይህን አይቶ ከሆነ የተናገረው እውነት አለው፤ በማርሽ ለውጥ ጊዜ የሚመጣው ስቅታ በአውቶማቲክ ላይ በአብዛኛው ይጠፋል።

ለዚህ ሐሳብ የሚጠቀስ ታሪካዊ ማስረጃም አለ። ቢዩክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 የሠራው ግራንድ ናሽናል ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪና ነበር፤ ይቀርብ የነበረው በአውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ሲሆን ከፋብሪካው ሲወጣ ማስተንፈሻ አልነበረውም። በዘመኑ ከነበሩት ፈጣን የአሜሪካ መኪኖች አንዱ ነበር፤ ቱርቦውም ወዲያው አልተሰበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የኦልድስሞቢል ጄትፋየርም ማስተንፈሻ አላስፈለገውም። የእሱ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ካርቡራተሩ ከቱርቦው በፊት ስለተቀመጠ በሩ ሲዘጋ መዘውሩ ራሱ አየር ያጣል፤ የሚታሰር አየር አይኖርም።

እንግዲያው ጥያቄው እዚህ ላይ ያልተዘጋው ለምንድን ነው? ሰው እግሩን የሚያነሣው ማርሽ ለመቀየር ብቻ ስላልሆነ ነው። የፎገራን ሜዳ በመኪና ያቋረጠ ሰው በመልካም ዝርያቸው የታወቁት የፎገራ ከብቶች በመንጋ ሆነው አስፋልቱን ሲሻገሩ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እግሩ ከነዳጁ ላይ ይነሣና ፍሬን ላይ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት የቤንዚን ሞተሩ በር ይዘጋል፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ይሁን አይሁን በሩ አያውቅም። በዳገቱ ላይም ቀድሞ የሚሄደውን የጭነት መኪና ሊያልፍ አጥብቆ የረገጠ ሹፌር ከፊቱ ሌላ መኪና ብቅ ሲልበት እንዲሁ ያደርጋል፤ ይህም ቱርቦው በከፍተኛ ግፊት ላይ ሳለ ስለሆነ ከሁሉም የሚከፋው ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ የማስተንፈሻውን የሥራ ብዛት ይቀንሳል እንጂ ሥራ አያሳጣውም።

ከፍታው ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል። አንድ ቱርቦ በሞተሩ መግቢያ 180 ኪሎ ፓስካል ግፊት እንዲያደርስ ተፈለገ እንበል። በባሕር ወለል አየሩን 1.8 ጊዜ ማመቅ ይበቃዋል። ወረታ ላይ 2.2 ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ላይ 2.5 ጊዜ ገደማ፣ ነፋስ መውጫ ላይ 2.6 ጊዜ ያህል ማመቅ ይኖርበታል። መዘውሩ ለዚህ በፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ ማመቂያ ልኩ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ በሩ ሲዘጋ የአየር ስቅታ ወደሚጀምርበት ወሰን ይበልጥ የቀረበ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ ኮምፒዩተሩ መዘውሩ ከልኩ እንዳያልፍ ግፊቱን ሊቀንስ ይችላል። ቢሆንም በቆላ አገር ያለ ማስተንፈሻ የቆየ መኪና ጉና ግርጌም እንዲሁ ይቆያል ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም። ግራንድ ናሽናል በደጋችን የተፈተነ መኪና አይደለም።

ስለዚህ ባለ ቱርቦና ባለ አውቶማቲክ የቤንዚን መኪና ማስተንፈሻ ያስፈልገዋል። ደስ የሚለው ነገር አሁን በአገራችን መንገድ ላይ ያሉት አዳዲስ የቤንዚን ቱርቦ መኪኖች በአብዛኛው ከፋብሪካው ይዘውት መምጣታቸው ነው። የማይሰማው መላሽ ዓይነት ስለሆነ ነው፤ የታመቀውን አየር ወደ ውጭ ሳይሆን በአየር ማጣሪያው ፊልትሮና በቱርቦው መካከል ወዳለው ቱቦ ይመልሰዋል። ባለመኪናው ድምፅ ስላልሰማ የለውም ብሎ ያስባል፣ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ገዝቶም ይተካዋል። በዚህ ጊዜ የሚከተለው ችግር ሁለት ወገን አለው።

የመጀመሪያው የሂሳብ ችግር ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የአየር መለኪያው ሴንሰር ከፊልትሮው አጠገብ ስለሚቀመጥ ኮምፒዩተሩ በዚያ ያለፈውን አየር ቆጥሮ ቤንዚኑን ይመድባል። የተቆጠረው አየር ወደ ውጭ ከተደፋ ቤንዚኑ ብቻውን ይበዛል፤ ሞተሩ ያንቃል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሲብስም ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ሊቆም ሲል ሞተሩ ይጠፋል።

ሁለተኛው ለፎገራ የተለየ ትርጉም አለው። ሞተሩ ያለ ጭነት ቆሞ ሲሠራ በማከፋፈያው ውስጥ ቫኪዩም ስላለ፣ ሞላው የላላ ማስተንፈሻ እንደተከፈተ ይቆያል። መላሽ ዓይነት ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ቱቦው ዙሮ የሚመለሰው ከፊልትሮው በኋላ ነው። ወደ ውጭ የሚተነፍሰው ዓይነት ግን በዚያው ክፍት አፍ ያልተጣራ አየር ሊስብ ይችላል። በበጋ፣ ሩዝ ሲወቃና መፈልፈያዎቹ ሲሠሩ፣ የወረታን አየር ያየ ሰው በዚያ አፍ ምን እንደሚገባ ይገባዋል። አቧራው በሲሊንደሩ ግድግዳና በፒስተን ቀለበቶቹ መካከል እንደ ሞረድ ይሠራል። ቱርቦ ለማዳን ተብሎ የተገዛ ቫልቭ ሞተሩን የሚበላው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ሞላው ሌላም ነገር አለ፤ በባሕር ዳርቻ አገሮች በተጻፉ መመሪያዎች ላይ እምብዛም የማይገኝ ነው። ቫልቩን የሚስበው ቫኪዩም በውጭ አየርና በማከፋፈያው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ ይህ ልዩነት በባሕር ወለል 65 ኪሎ ፓስካል ያህል ቢሆን፣ ደብረ ታቦር ላይ የውጭው አየር ራሱ ስለሳሳ ወደ 35 ገደማ ይወርዳል፤ ግማሽ ያህል ማለት ነው። በመሆኑም ለቆላ የተመረጠ ጠንካራ ሞላ ጉና ግርጌ ላይ ዘግይቶ ወይም በከፊል ብቻ ሊከፈት ይችላል። ሞላው እንዳይዘገይ ተብሎ ቢላላ ደግሞ ቀደም ሲል የተነገረው የአቧራ ችግር ይመጣል። የፋብሪካው ቫልቭ፣ ይልቁንም በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚከፈተው፣ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ የተሠራ ስለሆነ መለወጡ ጥቅም የለውም።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ሁሉ ዝርዝር ያስፈለገው ድምፅ ለሚወዱ ወጣቶች ብቻ ተብሎ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት ሞተሮች ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ማድረግ የመካኒኩም የመሐንዲሱም ሥራ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ቱርቦ የለውምና ይህ ክርክር ከጊዜ ብዛት ራሱን ያጠፋል። እስከዚያው ግን በአንድ ጋራዥ ያለ ምክንያት የተገጠመ ቫልቭ የአንድን ቤተሰብ መተዳደሪያ መኪና ሊያቆም ይችላል።

ለመካኒኩ የሚቀረው ምርመራ ቀላል ነው። መኪናው ቤንዚን ከሆነ ማስተንፈሻውን በራሱ በቱርቦው ቤት ላይ ወይም ወደ አየር በሩ በሚወስደው ቱቦ ላይ ያገኘዋል። በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ ቀጭኑን ቱቦ ነቅሎ በእጅ የቫኪዩም ፖምፓ ይስበዋል፤ የጎማው ሽፋን ደህና ከሆነ ቫልቩ ይከፈትና ቫኪዩሙ ሳይወርድ ይቆያል፤ ከተቀደደ መርፌው ወዲያው ይመለሳል። የተቀደደ ሽፋን ያለው መኪና በዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ በቱርቦው ይመካኛል፤ ደህናው ቱርቦ ይነቀላል፣ ውድ የሆነ አዲስ ይገዛል፣ መኪናው ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ከዚህ በተረፈ ፊልትሮውን በአቧራው ወቅት ቶሎ ቶሎ ማየት፣ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ፣ ደብረ ታቦር ሲደረስም ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ማሠራት ለዘንጉና ለዘይቱ ከማንኛውም ተጨማሪ ቫልቭ ይበልጣል።

መኪናው ናፍጣ ሆኖ ቀደም ሲል ማስተንፈሻ ተገጥሞለት ከተገኘ ደግሞ ነቅሎ ቀዳዳውን በጨርቅና በሙጫ መድፈን አይበቃም። ቱቦው በሙሉ ቢለወጥ ይሻላል፤ ካልተገኘ በልኩ የተቆረጠ የብረት መክደኛ ከመልካም ጆይንት ጋር ይታሰርበታል። ከዚያም የቱቦው ሁለት አፎች ተዘግተው ግፊቱ እየተለካ መጠነኛ አየር ይሞላበታል፤ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ ተቀብቶ አረፋ የሚያወጣ ቦታ ካለ ይታያል። አረፋ ካልታየ መኪናው ጭነቱን ይዞ ወደ ዓለም በር ዳገት ሊላክ ይችላል።